አማቴ «ውሻው ሟርት ያመጣል፣ ይሂድ» ይላሉ

ከባሕር ዳር የመጣ ደብዳቤ ነው። ትንሽ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ቤታችን ሽምብጥ ነው፣ ከጣና ዳር ብዙም አይርቅም። ቡቺ የሚባል ወንድ ውሻ አለን፣ 3 ዓመት ሊሞላው ነው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ፀባዩ ግራ አጋብቶኛል። ከቡችላነቱ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ሲከፈት ያላዝናል፣ በፍልሰታማ ሌሊት ሰዓታት ሲቆም አብሮ ቆሞ ነው የሚያነጋው። ማታ ወጥ ቤቱ ጥግ ላይ ባዶ ግድግዳ እያየ ይጮኻል። ካመለጠ ሐይቁ ዳር ሄዶ የበሰበሰ ዓሣ ላይ ተንከባሎ ይመጣል። የጎመን መደቤን ይቆፍራል፣ ስመጣ ደግሞ ጥፋቱን ስለሚያውቅ አንገቱን ይደፋል። ሳር ይበላል። ቂጡን መሬት ላይ ይጎትታል፣ ልጆቹ ይስቁበታል። አማቴ "ውሻ ሲያላዝን ሰው ይሞታል፣ ጥግ ላይም የሚጮኸው ሰይጣን አይቶ ነው፣ ገጠር ላሉት ዘመዶች ይሰጥ" ብለዋል። ባለቤቴ ዝም ብሏል። ልስጠው ወይስ ላቆየው? ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ዓሣ አስጋሪዎቹ ጋ አንድ የማናውቀው ውሻ እግሩን ነክሶት ነበር፣ እሱም ድኗል።»

እህቴ፣ ከመጨረሻው መስመርሽ ልነሳ። ስለ ማላዘኑ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ጎመኑ በዝርዝር ጽፈሽ ንክሻውን ግን «ድኗል» ብለሽ አልፈሽዋል። ከጻፍሽው ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ቁስሉ መድረቁ ምንም አይነግረንም። የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ ይገባል፣ ከዚያ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ውሻው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጭራውን ይቆላል። ምልክቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ3 ሳምንት እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ነው፣ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ቡቺ ይከተብ አይከተብ አልጻፍሽም። ካልጻፍሽ አልተከተበም ብዬ ልገምት።

ስለዚህ መጀመሪያ ዓሣ አስጋሪዎቹ ጋ ሂጂና ያ የነከሰው ውሻ የት እንዳለ ጠይቂ። ይሄ ቀልድ አይደለም። ምራቁ ውስጥ በሽታው ያለ ውሻ በ10 ቀን ውስጥ ወይ ይታመማል ወይ ይሞታል። አሁን ሁለት ሳምንት ስላለፈ፣ ያ ውሻ ዛሬም ደህና ሆኖ የዓሣ ሆድ ዕቃ እየለቀመ ከተገኘ በንክሻው ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፣ እፎይ በይ። ከጠፋ፣ ከሞተ ወይም ከተገደለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቡቺን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰጂው፣ የሆነውን በግልጽ ንገሪያቸው፣ ይከተብ፣ ከዚያ ለምን ያህል ጊዜ ከሰውና ከሌሎች ውሾች ተለይቶ እንደሚቆይ እነሱ ይነግሩሻል። ላልተከተበ ውሻ ብዙ ጊዜ የሚባለው ወደ 4 ወር ነው። ውሻው ተገኘም አልተገኘም ክትባቱ አይቀርም።

እስከዚያ ልጆቹ ብቻቸውን ከሱ ጋር አይጫወቱ። የምትጠብቂው ምልክት ይሄ ነው፦ ድምፁ ከጎረነነ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ የታችኛው መንጋጋው ከተንጠለጠለ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ሲሄድ ከተንገዳገደ፣ ወይም ፀባዩ ድንገት ከተገለበጠ። መንጋጋው ሲንጠለጠል ብዙ ሰው «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። አደራ፣ እንዳታደርጊው። እንዲህ ካየሽው በር ዘግተሽበት ለሐኪሙ ደውይ። ማንንም ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ። ሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፣ ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ጸበሉንም የሚከለክል የለም፣ ግን መርፌውን ተወግቶ ይሂድ።

እሺ፣ አሁን ወደ ጠየቅሽኝ።

እኔ ውሻ ግራ የሚያጋባ ነገር ሲያደርግ ብዙም አልደነግጥም። የምደነግጠው ሲለወጥ ነው። 3 ዓመት ሙሉ ድምፅ ማጉያ በሰማ ቁጥር ያላዘነ ውሻ ዛሬም ቢያላዝን ያው ቡቺ ነው። አላዝኖ የማያውቅ ውሻ ከንክሻ በኋላ በሻከረ ድምፅ ማላዘን ቢጀምር ግን ያን ቀን እንቅልፍ የለኝም። እና ማንኛውንም ፀባዩን ስታዪ «ምን ማለት ነው?» ከማለትሽ በፊት «ከመቼ ጀምሮ? የት? ምን ሲሆን?» በይ። አብዛኛው መልስ እዚያው ይገኛል።

ማላዘኑን እንየው። ተኩላዎች ተራርቀው ሲያድሩ የሚጠራሩት ረጅም ድምፅ በማውጣት ነው፣ ውሻም ከዚያ ዘር የመጣ ነው። ረዘም ያለ፣ የማይቆራረጥ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ሲሰማ የሚጠሩት ይመስለዋል፣ ይመልሳል። ዜማውም አዛኑም የአምቡላንስ ጩኸቱም ለሱ ያው ናቸው። ሰዎች «ጆሮውን እያመመው ነው» ይላሉ፣ እኔ አይመስለኝም፣ ቢያመው ይሸሽ ነበር። በክረምት ሌሊት ጣና ላይ ነጎድጓድ ሲንጎደጎድ ምን እንደሚያደርግ አስቢ፣ አልጋ ሥር ነው የሚገባው። ሲያላዝን ግን ግቢው መሃል ወጥቶ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው። አንድ ሌላ ምክንያትም አለ፣ ሰፈር ውስጥ ሴት ውሻ ስትፈልግ ያልተኮላሸ ወንድ ሁሉ ሌሊቱን ሲያላዝን ያድራል፣ ያ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ያልፋል።

ሰው ይሞታል የሚለውስ? አማትሽ ከመሬት ተነስተው ያመጡት ነገር አይደለም፣ እኔም ልጅ ሆኜ ስሰማው ነው ያደግኩት። ደግሞ ነገሩ መነሻ ሳይኖረው አይቀርም። ቤት ውስጥ በጠና የታመመ ሰው ካለ ሌሊት መብራት ይበራል፣ ሰው ይገባል ይወጣል፣ የማያውቀው እግር ግቢውን ይረግጣል፣ ቤተሰቡም በቀስታ ነው የሚያወራው። ውሻው ይሄ ሁሉ ይረብሸዋል። ከዚያ ለቅሶው ሲጀመር፣ ያ ረጅም የሴቶች ድምፅ ሲወጣ፣ እሱም ያላዝናል። ሰው ደግሞ በሞት ቀን ያላዘነውን ውሻ አይረሳም፣ ማንም ሳይሞት ያላዘነበትን ሌሊት ግን ማን ይቆጥራል? ፍልሰታ 16 ቀን ነው፣ ቡቺ በየሌሊቱ አላዝኗል አልሽ። በአክብሮት ጠይቂያቸው፣ በሰፈሩ ስንት ድንኳን ተተከለ?

እንዲቀንስ ከፈለግሽ ድምፅ ማጉያው ከመከፈቱ በፊት ወደ ሰርቪስ ቤቱ አስገቢውና የሚያኝከው ነገር ስጪው። ከመስኮት «ዝም በል!» ብሎ መጮህ ግን ምንም አይጠቅምም፣ እሱ የገባው አንቺም አብረሽው እያላዘንሽ እንደሆነ ነው።

ጥግ ላይ መጮሁ ደግሞ ለኔ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ኮርኒሳችሁ ከምንድን ነው የተሠራው? ከማዳበሪያ ጆንያ ከሆነ እኔ ከዚህ ሆኜ እነግርሻለሁ፣ አይጥ ነው። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ነው የሚሰማው፣ የውሻ ግን እስከ 45,000 ይደርሳል። አይጦች እርስ በርስ የሚጠራሩበት ድምፅ ብዙው እኛ ከምንሰማው በላይ ነው። ስለዚህ አንቺ ጸጥ ያለ ግድግዳ ታያለሽ፣ እሱ ግን ከግድግዳው ጀርባ ሙሉ ጉባኤ ይሰማል። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ማታ ጥጉ ሥር ትንሽ ዱቄት ነስንሺና ጠዋት ተመልከቺ፣ ኮቴውን ታገኚዋለሽ፣ አማትሽንም ጠርተሽ አሳዪያቸው። የአይጥ መርዝ ግን እንዳታስቀምጪ። ቡቺ መርዙን ባይነካው እንኳ መርዝ የበላችውን አይጥ ከበላ ሊጎዳ ይችላል። ወጥመድ ይሻላል፣ ድመትም ካለች የበለጠ ይሻላል፣ እሷና ቡቺ ከተስማሙ።

ወደ ዓሣው እንሂድ። እዚህ ላይ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ሐይቅ ዳር የሚኖር ውሻ ያለው ሰው ሁሉ ይሄን ያውቀዋል። ቆሮሶና አምባዛ የሚበለትበት ቦታ፣ ፀሐይ የመታው የሆድ ዕቃ፣ አንቺ አፍንጫሽን ይዘሽ የምትሮጪበት፣ እሱ ግን አንገቱን፣ ትከሻውን፣ ጀርባውን በሥርዓት እያሸ ይንከባለልበታል፣ ከዚያ ሽቶ ተቀብቶ ሠርግ እንደሚሄድ ጎረምሳ ኮራ ብሎ ቤት ይገባል። የውሻ አፍንጫ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሽታ ተቀባይ ሕዋሳት አሉት፣ የኛ 5 ወይም 6 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ «ይሄ ሽታ አይሰማውም እንዴ?» ብለሽ እንዳትጠይቂ፣ እንዲያውም ከኛ አብልጦ ነው የሚሰማው።

ለምን ያደርገዋል የሚለውን ተመራማሪዎችም አልጨረሱትም። አንዳንዶች የራሱን ሽታ ሸፍኖ ለማደን ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «እኔ የነበርኩበት እንዲህ ያለ ነገር አለ» ብሎ ለጓደኞቹ ወሬ ለማምጣት ነው ይላሉ፣ ሲመለስ ያገኘው ውሻ ሁሉ አንገቱን እንደሚያሸተው አይተሽ ይሆናል። ለአደን ነው የሚለው እኔን አያሳምነኝም፣ ምክንያቱም ተይዘው የሚኖሩ ተኩላዎች ሰው ሠራሽ ሽቶ ላይም ሲንከባለሉ ታይተዋል። ሽቶ ተቀብቶ የሚያድን የት አለ? ብቻ ምክንያቱ ምንም ይሁን ሽታው ራሱ አይጎዳውም። የሚጎዳው መንጠቆ ነው። ሐይቁ ዳር የተጣለ መንጠቆና የናይሎን ክር ከዓሣ ሥጋ ጋር ተውጦ አንጀት ይበሳል። ከአፉ ክር ተንጠልጥሎ ካየሽ ስበሽ እንዳታወጪው፣ ሐኪም ያውጣው።

ስታጥቢው በልብስ ሳሙና አይሁን፣ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ከዚያ ማከክ ይጀምራል። ጠንካራ መዓዛ ባለው ሳሙናም አታጥቢው። አንቺ «አሁን ሸተተ» ትያለሽ፣ እሱ ግን የማያውቀው ሽታ ስለተለጠፈበት በሩ እንደተከፈተ ወደ ዓሣው ነው የሚመለሰው። ለማንኛውም የሐኪሙ ነገር እስኪለይ ከግቢ አይወጣም፣ ስለዚህ ለጊዜው ከዚህኛው ታርፊያለሽ።

ስለ ጎመኑ ልቆጣሽ ነው፣ ይቅርታ። መደቡን የምታጠጪው ጠዋት ነው አይደል? በመጋቢትና ሚያዝያ ባሕር ዳር ሙቀቱ እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ግቢው ውስጥ እርጥብና ቀዝቃዛ አፈር ያለው የት ነው? ጎመኑ ሥር። እሱም ይቆፍርና ሆዱን ቀዝቃዛው አፈር ላይ አድርጎ ይተኛል፣ ውሻ እንደኛ በመላ ሰውነቱ አያልበውም። አንዳንዴም አጥንት ሊቀብር ነው የሚቆፍረው፣ ለነገ ማስቀመጡ ነው። ሌላ ጥላ ያለበት ቦታ ላይ አፈሩን አላልተሽ ውኃ አርከፍክፊለት፣ አጥንቱንም እዚያ ቅበሪለት፣ የራሱ መደብ ይኑረው። አጥሩ ሥር መቆፈር ከጀመረ ግን ቶሎ ድንጋይ ደርድሪበት። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚባለው ዳር ሰፈር ላለ ሰው ተረት ብቻ አይደለም።

«ጥፋቱን ያውቃል» ያልሽው ግን ትክክል አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የምትባል ተመራማሪ በ14 ውሾች ላይ ይሄንኑ ፈትናው ነበር። ባለቤቱ ውሻውን «እንዳትበላ» ብሎ ከክፍሉ ይወጣል፣ ሲመለስ «በልቷል» ወይም «አልበላም» ይባላል፣ የሚነገረው ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ውሾቹ አንገት የደፉት ስለበሉ ሳይሆን ስለተቆጧቸው ነው። እንዲያውም ሳይበሉ ቁጣ የደረሰባቸው ይብስ ነበር የጥፋተኛ ፊት ያሳዩት። ቡቺም የሚያነበው ያንቺን ፊት፣ ያንቺን አረማመድ ነው። ጎመኑን ከቆፈረ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ብትቆጪው የሚማረው ነገር «እሷ ከሥራ ስትመጣ ትቆጣለች» የሚል ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ግን ሰንሰለቱ ነው። ቀን ሙሉ አንድ ቦታ ታስሮ የሚውል ውሻ ሌሊት ሲፈታ የቀኑን ሁሉ ጉልበት ያወጣዋል፣ መቆፈሩም፣ መጮሁም፣ ማምለጡም ከዚያ ይመጣል። በሩ ከተዘጋ ግቢ ውስጥ ለምን ይታሰራል? ሰው የሚገባ የሚወጣበት ግቢ ከሆነ ከግንድ ግንድ ሽቦ ወጥሩና ሰንሰለቱ በሱ ላይ እየተንሸራተተ ይሂድ፣ ቢያንስ ይመላለሳል። ምግቡንም አንድ ሳህን ላይ ከምትደፊለት እንጀራውን ቆራርሰሽ ግቢው ውስጥ እዚህም እዚያም ደብቂው፣ እያሸተተ ይፈልግ። ትንሽ ጊዜ ማሽተት ውሻን እንዴት እንደሚያደክመው ስታዪ ትገረሚያለሽ። የዶሮ ወጥ ግን አይሁን። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ይወጋል፣ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል፣ ዶሮ ወጥ ውስጥ ስንት ሽንኩርት እንደሚገባ ላንቺ አልነግርሽም።

ሳር መብላቱ አያስጨንቅሽ። የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ከ1,500 በላይ የውሻ ባለቤቶችን ጠይቀው ነበር፣ ሳር ከመብላቱ በፊት የታመመ የሚመስለው ከ10 ውሻ አንድ እንኳ አይሞላም፣ በልቶ የሚያስመልሰውም ከ100 ወደ 22 ነው። «ሆዱን አሞት ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ አይደለም፣ ዝም ብሎ ይበላል። ፀረ ተባይ ከሚረጭበት የአትክልትና የጫት ማሳ ዳር ግን እንዳይግጥ።

ቂጡን መጎተቱ ላይ ልጆቹ ይሳቁ፣ አንቺ ግን አትሳቂ። ወይ ፊንጢጣው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች ሞልተውበታል፣ ወይ ኮሶ አለበት። ጭራውን አንስተሽ እዪ፣ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ፀጉሩ ላይ ወይም የሚተኛበት ላይ ካለ ኮሶ ነው። ያ ዓይነቱ ከቁንጫ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ የኮሶ መድኃኒት ብቻ ሰጥተሽ ቁንጫውን ከተውሽ ተመልሶ ይመጣል። ከዚህ የከፋ ሌላ አለ። በግ ስታርዱ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት አይታችሁ ለውሻ ወርውራችሁ ታውቃላችሁ? ሁሉም ሰው ያደርገዋል። በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው ውሻው አንጀት ውስጥ ገብቶ ትንሽ ኮሶ ይሆናል፣ ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ከዚያ በልጆች እጅ በኩል ወደ ሰው ይገባና ሰው ጉበት ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ለዓመታት ሳይታወቅ አድጎ በቀዶ ጥገና ነው ብዙ ጊዜ የሚወጣው። እንዲህ ያለውን ሥጋ አቃጥሉት ወይም በጥልቀት ቅበሩት፣ ቡቺ ከሚቆፍርበት ራቅ ብሎ። ልጆቹ ከሱ ጋር ተጫውተው ሲመለሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

እና ልስጠው ወይስ ላቆየው? አሁን አትስጪው። ይሄን ስለ ቡቺ አዝኜ ብቻ አይደለም የምልሽ። ምን እንደያዘው ሳይታወቅ ገጠር ብትልኪው፣ ነገሩ ክፉ ከሆነ፣ ሐኪም በሌለበት ቦታ ላሉ የዘመዶችሽ ልጆችና ከብቶች ነው የምትልኪው። ለአማትሽ ልክ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው፣ ይገባቸዋል። ባለቤትሽም ዝምታው ይብቃውና ሐኪሙ ጋ እሱ ይዞት ይሂድ። ቡቺ ባጃጅ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ከሆነ በእግር ውሰዱት፣ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ፣ አፉን በለስላሳ ጨርቅ አስራችሁ፣ ግን መተንፈስና ማለክለክ እንዲችል ላላ አድርጋችሁ። ሐኪሙን ስለ ንክሻው ስትነግሩት ስለ ቂጡም ንገሩት። የእብድ ውሻ ክትባቱም የኮሶና የቁንጫ መድኃኒቱም በአንድ ጉዞ ያልቃል።